ስለ አሥመራና ምጽዋ የእንፋሎት ባቡር፤ ለራያ ነጋዴዎች የሚሆን ትምህርት

ቆቦ ከደሴ ወደ መቀሌና ወደ አሥመራ በሚወስደው ዐቢይ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት። የራያ ቈላ ማሽላና ጤፍ፣ ሽንኩርትና ከብት የሚወጣው፣ የሱቅ ዕቃም የሚገባው በካሚዮን ነው። ነገር ግን ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ከቆቦ በስተ ደቡብ እስከምትገኘው እስከ ሐራ ገበያ የሚደርስ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የምድር ባቡር መስመር በ2015 መሠራት ጀመረ፤ በ2021ም በጦርነት ጉዳት ደረሰበት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ባቡር የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ባቡርን በሕይወት የሚያኖረው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል። ለዚህም በዚሁ ጎዳና በሰሜን ጫፍ፣ በአሥመራና በምጽዋ መካከል የሠራው የእንፋሎት ባቡር ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

ጣልያኖች ከምጽዋ ወደብ ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት በ1887 ሲሆን አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። የመንገዱ ርዝመት 118 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። ስለዚህም ሐዲዱ ጠባብ፣ ማለት 95 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ገደል ለገደል እየተጠማዘዘ፣ ብዙ ዋሻና ድልድይ እያቋረጠ ይሄዳል።

ለእንዲህ ያለው አቀበት በ1938 በጄኖቫ ከተማ የሚገኘው የአንሳልዶ ፋብሪካ «442» የተባሉትን ሎኮሞቲቮች ሠራ። የአሠራራቸውም ስልት የተገኘው አናቶል ማሌ ከተባለው መሐንዲስ ነው። አንድ ቦይለር፣ ሁለት የመንኰራኵር ክፍል አላቸው። የኋለኛው ክፍል ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ የፊተኛው ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ ረዥሙ ሎኮሞቲቭ ጠመዝማዛውን መንገድ ያለ ችግር ያልፈዋል። ኀይለኛው እንፋሎት አስቀድሞ በኋለኞቹ ሲሊንደሮች ይሠራል፤ ከዚያም እንደ ጢስ ወደ ሰማይ በመለቀቅ ፈንታ፣ በቀረው ኀይሉ የፊተኞቹን ሰፋፊ ሲሊንደሮች ይገፋል። አንዱን ብር ሁለት ጊዜ እንደሚያሠራ ብልህ ነጋዴ፣ ይህ ሎኮሞቲቭ አንዱን እንፋሎት ሁለት ጊዜ ያሠራል፤ ከሰልና ውሃም ይቈጥባል።

በ1941 መስመሩ በእንግሊዞች እጅ ገባ፤ በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ሆነ። በ1950ዎቹ ዓመታት በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ቢጨመሩም፣ ዕቃን ከደጃፍ እስከ ደጃፍ የሚያደርሰው ካሚዮን የባቡሩን ጭነት እየወሰደ ሄደ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጦርነቱ በበረታ ጊዜ ሥራው ጨርሶ ቆመ። ሐዲዱም ተነቅሎ ለጦር ምሽግ መሥሪያ ዋለ።

ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ መስመሩን ለማደስ ተወሰነ። በዚያን ጊዜ ጡረታ የወጡ፣ ከፊሎቹም ከሰባ ዓመት ዕድሜ ያለፉ ሠራተኞች ተጠርተው መጡ። ሐዲዱ ከየምሽጉ ተለቅሞ ተመለሰ፤ በገበያ የማይገኘውን የሎኮሞቲቭ ዕቃ ቀጥቅጠውና ሞርደው በእጃቸው ሠሩት። በ2003 ባቡሩ እንደገና አሥመራ ደረሰ። ከ«442»ቶቹ አንዳንዶቹ ተጠግነው ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኚዎችን በተራራው ላይ ሳቡ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የሠራተኞቹ እጅ ብረቱን ከሞት አስነሣው፤ የቀድሞውን ጭነት ግን ሊመልስ አልቻለም። የምጽዋ ወደብ ዕቃ በመኪና መሄዱን ስላልተወ ባቡሩ ለሽርሽር የሚያገለግል ሆነ። ባቡር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የሚጠግነው ባለሙያና የሚጭነው ነጋዴ። ድሬዳዋ ለዚህ ምሳሌ ናት። በ1902 የጅቡቲው ባቡር ከደረሰላት በኋላ የጥገናው ሥራና ንግዱ በአንድነት በዚያ ስለ ተተከሉ ታላቅ ከተማ ሆነች።

እንግዲህ የቆቦና የራያ ነጋዴ ሐዲዱን ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ ሊያሰናዳው የሚችለው ነገር አለ። ይኸውም ፉርጎ ሙሉ የሚሆን እህል በአንድነት የሚከማችበት መጋዘን፣ የታመነ ሚዛን፣ እንዲሁም ከወደብ ዕቃ አምጥቶ ባዶውን የሚመለስ ፉርጎ እንዳይኖር ከአስመጪው ጋር የሚደረግ ስምምነት ነው። ባዶ የሚመለስ ፉርጎ ኪሳራው በመጨረሻ ዞሮ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨመራል። የከተማው ወጣቶችም የብረትና የሞተር ሙያ ቢማሩ፣ ባቡሩ በመጣ ጊዜ የሚጠግኑት ከሩቅ የሚጠሩ ሳይሆኑ የአገሩ ልጆች ይሆናሉ። የአሥመራው ሎኮሞቲቭ ለሁለተኛ ጊዜ የተንቀሳቀሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው በቅርብ ስለ ተገኘ ነው፤ ለንግድ ሳይመለስ የቀረውም ጭነቱ ሌላ መንገድ ለምዶ ስለ ቆየ ነው።