ትንፋሽ ሲያጥርና ልብ ሲጨነቅ

በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሌሊቱን ያነጋ ሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ዐይን እንዴት እንደሚመለከት ያውቃል። ሕመምተኛው ትራሱን ተደግፎ፣ ትከሻውን ሽቅብ እየሳበ፣ ቃል ሳይናገር ፊት ፊታችንን ያያል። በዚያች ሰዓት ቤተ ዘመድ ይከፋፈላል። አንዱ «ደረቱ ነው፤ ሐኪም ይጠራ» ይላል፤ ሌላው «ፍርሃት ነው፤ ልቡን ቢያበረታ ይተወዋል» ይላል። እኛም ይህን ክርክር በየቤቱ ሰምተናል፤ ሳንሸሽግ እንናገርና፣ አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ቆመናል። የሕክምና ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ክርክሩ ከሥሩ የተሳሳተ መሆኑን ያስረዳል።

መተንፈስ ከሌሎቹ የሰውነት ሥራዎች የሚለይበት ጠባይ አለው። ልብ ሳንጠይቀው ይመታል፤ ጨጓራም ሳናዘው ምግብ ይፈጫል። ትንፋሽ ግን ከአንጎል በታችኛው ክፍል ሳናውቀው እየታዘዘ፣ ስንሻ ደግሞ በፈቃዳችን የምናቆየውና የምናፈጥነው ነው። ስለዚህም ሐሳብና ስሜት ወደ ትንፋሽ የሚገቡበት በር ክፍት ነው። ሰው በደነገጠ ጊዜ ትንፋሹ ይፈጥናል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ችሎ ያልፈዋል። ለብዙ ዘመን በትንባሆ ወይም በማገዶ ጢስ የተጎዳ ሳንባ ግን ቧንቧዎቹ ስለ ጠበቡ አየሩን የሚያስወጣው በዝግታ ነው። ትንፋሹ ሲፈጥን የገባው አየር ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል፤ ደረቱም እንደ ተነፋ ስልቻ ይወጠራል። ሕመምተኛው «አየር አልገባልኝም» ይላል፤ እውነቱ ግን የገባው አልወጣለትም። ይህ ያስፈራዋል፤ ፍርሃቱም ትንፋሹን ይበልጥ ያፈጥነዋል።

ይህን ነገር በግልጥ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የጀርመን ተመራማሪዎች ያወጡት ነው። 14 ጤነኞች ሰዎች አየር እንደ ልብ በማያሳልፍ መሣሪያ እንዲተነፍሱ ተደረገ፤ በዚያው ጊዜም አንዴ ደስ የሚያሰኙ፣ አንዴ ደግሞ የሚያሰቅቁ ሥዕሎች ታዩአቸው። መሣሪያው አልተለወጠም። ሰዎቹም የትንፋሹን ክብደት በሁለቱም ጊዜ በአንድ ልክ ገመቱት፤ ሥቃዩ ግን የሚያሰቅቀውን ሥዕል ባዩ ጊዜ እንደ በረታባቸው ተናገሩ። አንጎላቸው ሲመረመርም ስሜትንና ፍርሃትን የሚመለከቱት ክፍሎች ይበልጥ ሲሠሩ ተገኙ። አንባቢያችን ልብ ይበል፤ እነዚህ ሰዎች ሕመም አልነበረባቸውም፤ ያዩትም ሥዕል ብቻ ነበር። አልጋ ላይ ሆኖ የልጆቹን የተደናገጠ ፊት የሚያይ አባት ምን ያህል ይሠቃይ?

እንግዲህ «ፍርሃት ነው» ያለው ዘመድ ግማሹን እውነት ይዟል፤ የሳተው ግን ፍርሃቱ ሥቃዩን የውሸት ያደረገው መስሎት ነው።

ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ጊዜ ቶሎ የምንጠይቀው ኦክስጅን ነው። በ2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ፣ በአሜሪካና በብሪታንያ የነበሩ 239 ሕመምተኞች ተጠንተው ነበር፤ ሁሉም ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ ነገር ግን በደማቸው ያለው ኦክስጅን ያን ያህል ያልወረደባቸው ነበሩ። ለገሚሶቹ ኦክስጅን፣ ለገሚሶቹ ተራ አየር፣ በአፍንጫ በሚገባ ተመሳሳይ ቱቦ ለ7 ቀን ተሰጠ፤ ማን የትኛውን እንደሚያገኝ እነርሱም አላወቁም። ሁለቱም ወገኖች ጥቂት ቀለላቸው፤ በመካከላቸው ግን ልዩነት አልተገኘም። ይህ ኦክስጅኑ ለወረደበት ሰው አይሠራም፤ እርሱ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ያንንም ሐኪሙ ጣት ላይ በሚደረገው መሣሪያ ወይም በደም ምርመራ ይለየዋል።

በዚያው ዓመት በብሪታንያ የወጣው ሌላ ጥናት ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ዕቃው እጅግ ተራ ነውና። 50 ሕመምተኞች በእጅ የምትያዝ ትንሽ ማራገቢያ ተሰጣቸው፤ 5 ደቂቃ ወደ ፊታቸው፣ 5 ደቂቃ ደግሞ ወደ እግራቸው እንዲያደርጓት ታዘዙ። ወደ ፊት በተደረገች ጊዜ ትንፋሻቸው ቀለለ። ቀዝቃዛ አየር ጉንጭንና አፍንጫን ሲነካ በዚያ ያለው ነርቭ ለአንጎል መልእክት በመስጠት የመታፈኑን ስሜት እንደሚያበርድ ይታሰባል።

እኛ በየቤታችን የምናደርገው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ብርድ እንዳይመታው ብለን መስኮቱን እንዘጋለን፤ ጋቢ በጋቢ ላይ እንደርባለን፤ ጠያቂው ሁሉ አልጋውን ከቦ ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ዕጣንም ይጤሳል። ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ ሰው ሳንባ ጢሱ ሸክም ነው፤ ጢሱ ከክፍሉ ይውጣ፤ ጠያቂም በተራ ይግባ። ሕመምተኛው ቀና ብሎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ ክንዱን በትራስ ወይም በጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ። ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሹሎ ትንፋሹን በቀስታ ያስወጣ። አስታማሚውም «ተንፍስ! ተንፍስ!» እያለ ከመጮህ ይልቅ ራሱ በዝግታ ይተንፍስ፤ የሚጠይቀውንም በራስ ንቅናቄ የሚመለስ ያድርገው።

ይህ ሁሉ ሐኪም ላየውና ምክንያቱ ለታወቀ ሕመም ነው። ትንፋሹ በድንገት ቢያጥር፣ ደረቱን ቢወጋው፣ ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ንግግሩ ቢዘባረቅ፣ ማራገቢያ ሳይፈለግ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

በለንደን በ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት 105 ሕመምተኞች ነበሩበት። የሳንባ ሐኪሞችና ሕመምን የሚያስታግሱ ሐኪሞች፣ የአካል እንቅስቃሴ አስተማሪዎችም በአንድነት የተመለከቷቸው ሕመምተኞች ትንፋሻቸውን የመግዛት ኃይላቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሆነ። ከተሰጣቸው ነገር መካከል ማራገቢያና፣ ጭንቅ በመጣ ጊዜ ለራሳቸው የሚሉት አንድ አጭር ግጥም ይገኝበት ነበር።

ግጥሙን በሰማን ጊዜ አንድ የምናውቃቸው አረጋዊ ትዝ አሉን። ሌሊት ትንፋሻቸው ሲያጥር «መስኮቱን ክፈቱልኝ» ይሉ ነበር፤ እኛም ብርዱን ፈርተን እንከለክላቸው ነበር። ልጃቸው ግን ከፈተችላቸው። ከሰል የምታራግብበትን የሰሌን ማራገቢያ ይዛ በፊታቸው በኩል ተቀመጠች፤ እርሳቸውም በቃላቸው የሚያውቁትን ዳዊት፣ ከየሐረጉ መጨረሻ እየቆሙ፣ በዝግታ ይደግሙ ጀመር።