ፈንግል ሲገባ፦ ዶሮ፣ ጎረቤትና ትዳር

በላስታ ደጋ ዶሮ የሴት ናት። በግ ወይም በሬ ሲሸጥ ባልና ሚስት ይመክሩበታል፤ የእንቁላል ገንዘብ ግን የጨው፣ የበርበሬና የልጅ ደብተር መግዣ ሆኖ በእናት መቀነት ይቋጠራል። በላሊበላ ከተማ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነት የእንግዳውን እግር ሲያሳጥሩት፣ ይህች የመቀነት ገንዘብ ይበልጥ ተፈለገች።

እኔም በጓሮዬ ስምንት ዶሮዎች ነበሩኝ። የገና ሳምንት ዓርብ ማታ ሁለቱ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከቆጥ በታች ቆመው አገኘኋቸው። ኩሳቸው አረንጓዴ ነበር። ፈንግል መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። ማግስቱ ቅዳሜ፣ የላሊበላ ገበያ ነው። ጾሙ ሊፈታ፣ ምዕመናኑም ከየአገሩ ወደ ከተማችን ሊጎርፉ ስለሆነ ዶሮ እንደዚያን ሰሞን ተወዶ አያውቅም።

ባለቤቴን፣ “ጤነኞቹን ስድስቱን በጠዋት ገበያ እናውርዳቸው” አልኩት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ “የሚገዛሽ ሰው ‘ጤነኛ ናት ወይ?’ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?” አለኝ።

ተናደድኩ። “ላንተ ቀላል ነው! የሚሞቱት የእኔ ዶሮዎች ናቸው። የልጆቹን ጫማ የምገዛው በእነሱ ነበር” አልኩት። ያን ሌሊት ጀርባ ተሰጣጥተን አደርን። ዶሮዎቹን ግን አልሸጥናቸውም። እስከ ረቡዕ ሰባቱ አለቁ።

በሽታውን ወደ ቤቴ ያስገባችው ከሳምንት በፊት ከገበያ የገዛኋት ዶሮ መሆኗን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ምናልባት የሸጠችልኝ እናትም እንደ እኔ ልጆቿን እያሰበች ይሆናል።

ጤነኛ የምትመስለው ዶሮ

ፈንግል ቫይረስ የሚያመጣው በሽታ ነው። በውጭው ዓለም ኒውካስል የሚባለው፣ በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በተባለች ከተማ አካባቢ ስለታወቀ ነው። የታመመች ዶሮ መብላት ትተዋለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አንዳንዴም አንገቷ ይጠመዘዛል። ያልተከተቡ ዶሮዎች ውስጥ ሲገባ አብዛኞቹን ሊጨርስ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ምልክቱ ሳይታይባት በፊት ዶሮዋ በሽታውን መርጨት መጀመሯ ነው። እንግዲህ “ጤነኞቹ” ያልኳቸው ስድስቱ ጤነኞች አልነበሩም። ብሸጣቸው ኖሮ ሞትን ለስድስት ቤት ማደሌ ነበር። ጻድቅ ለእንስሳው ሕይወት እንደሚጠነቀቅ ቃሉ ይነግረናል (ምሳ. 12፥10)፤ ባልንጀራችንንም እንዳናታልል ያዘናል (ዘሌ. 19፥11)። በፈንግል ጊዜ ሁለቱ ትእዛዛት አንድ ይሆናሉ።

ምን እናድርግ?

ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፤ በአገራችንም በቢሾፍቱ ይመረታል። አይ-2 የተባለው ዓይነት ከማቀዝቀዣ ውጭ ለተወሰኑ ቀናት ስለሚቆይ መብራት ለሌለበት ገጠር ይመቻል። በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ ይደረጋል፤ በየአራት ወሩም ይደገማል። የሚከተቡት ጤነኞቹ ብቻ ናቸው። የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ከገበያ የመጣች ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችው ወደ ገደል ወይም ለውሻ አትጣል፤ ትቃጠል ወይም በጥልቀት ትቀበር። የቆጡ ሥር በየጊዜው ይጠረግ፤ ሌሊት ሸለምጥማጥ እንዳይገባ በሩ ይጥበቅ። የእኛ ደጋ ብርድ ነው፤ ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ዙሪያው በሣር በተጠቀጠቀ ሣጥን ማሳደር ይቻላል፤ የገዛ ሙቀታቸው ያሞቃቸዋል። እንቁላል የምትገዙ ከሆነም በጾም ወራት ይረክሳልና ያን ጊዜ ገዝታችሁ አስታቅፉ፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል።

አንድ ብልቃጥ፣ ብዙ ደጅ

የክትባቱ ብልቃጥ የሚይዘው ለብዙ ዶሮ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠም ብዙ አይቆይም። ለአንዲት ዶሮ ብሎ ብልቃጥ መክፈት ብክነት ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠራሁ። በሰፈራችን እኛ “ጴንጤዎቹ” ነን፤ ደጃችንን የማይረግጡም ነበሩ። ያን ማታ ግን ዶሮዎቹ ቆጥ ከወጡ በኋላ፣ አንዱ ባትሪ እያበራ፣ ሌላው ዶሮ እየያዘ፣ ከቤት ቤት ዞርን። አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ፣ “ልጄ፣ የታመሙትን ያልሸጥሽው አንቺ ነሽ አሉ” ብለው ቡና አፈሉልን። እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ዋጋውን ማን ይክፈል?

አሁን ለባለትዳሮች አንድ ነገር ልበል። ባለቤቴ ያለው ትክክል ነበር፤ እኔም ያልኩት እውነት ነበረው። ንጉሥ ዳዊት ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ሊሰጠው ሲል፣ ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር ለማቅረብ እምቢ ብሏል (2ሳሙ. 24፥24)። የዚያን ዓርብ የባለቤቴ ታማኝነት ግን የተከፈለው ከእኔ መቀነት ብቻ ነበር። ይህን በእንባ ስነግረው አልተከራከረኝም። ከገና በኋላ ለራሱ ኮት መግዣ ያጠራቀመውን አውጥቶ አምስት ቄብ ገዛልኝ፤ የዶሮ ቤቱንም በገዛ እጁ ሠራው። ኮቱ እስካሁን አልተገዛም።

ውድ ባለትዳሮች፣ “እውነቱን እንያዝ” ስትባባሉ፣ “የሚያስከፍለንንስ አብረን እንከፍላለን ወይ?” ብላችሁ ደግሞ ተጠያየቁ። ሚስት ብቻዋን፣ ወይም ባል ብቻውን የሚከፍለው ታማኝነት ቂም ያበቅላል፤ አብረው የከፈሉት ግን ቤት ይሠራል።

ጌታ ቤታችሁንና በደጃችሁ ያለውን ሁሉ ይባርክ።