ግማሽ እንጀራ፣ ሙሉ ኪኒን

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም መጀመሪያ ወደ መስኮቱ የሚመጣው ቆሎ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ሴቶቹ ሰፌዳቸውን አንስተው ይሮጣሉ፤ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ በስኒ እየተሰፈረ በላስቲክ ይቋጠራል። ባለፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ከፊቴ የተቀመጡ እናት በእጃቸው ከለከሉ። «ተይኝ ልጄ፣ ስኳር አለብኝ።» ሻጯ ምን ገዷት! «ታዲያ እማማ፣ ለስኳር መድኃኒቱ እሱ አይደል እንዴ? ገብስ እኮ ነው!» እናትየዋ ትንሽ አመነቱና ሁለት ስኒ አሰፈሩ። እስከ አርማንያ ድረስ ሲቆረጥሙ ይሰማኝ ነበር።

ሻጯ ሙሉ በሙሉ አልዋሸችም። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ግን ከመቶ ግራም የገብስ ቆሎ ውስጥ ከ60 ግራም በላይ የሚሆነው ካርቦሃይድሬት ነው፤ ቀስ ብሎም ቢሆን መድረሻው ደም ነው። እማማ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ስኳራቸው ስንት እንደነበር እንጃ።

ከአዲስ አበባ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ሲና ደጋ ናት፤ ገብስና ባቄላ ነው የሚያበቅለው። ከእሷ ቁልቁል የሚጠማዘዘው መንገድ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ያለችበት ይፋት ቆላ ላይ ይጥላል፤ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ማንጎ። አየሩ ይለወጣል፣ ልብሱ ይለወጣል፣ ማዕዱ ግን አይለወጥም፤ ላይም እህል፣ ታችም እህል ነው። ስለ ስኳር ሕመም በየቤቱ የሚደረገው ክርክር እዚህ አገር የሚከብደውም ለዚህ ነው። «ካርቦሃይድሬት ቀንስ» ማለት ለፈረንጅ ከሳህኑ ዳር ያለችውን ድንች አንሳ እንደማለት ነው። ለይፋት ሰው ግን ሳህኑ ራሱ እንጀራ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው የጦር ሐኪም ጆን ሮሎ እ.ኤ.አ. በ1797 የስኳር ሕመምተኛውን ከእህል አርቆ በሥጋ እንደረዳው ጽፏል። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪም በእጁ የነበረው መድኃኒት ምግብ መቀነስ ብቻ ነበር፤ ኢንሱሊን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አለን ሕፃናትን ሳይቀር በረሃብ ዕድሜያቸውን ለማራዘም ይሞክር ነበር። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን ተወጋና ዘመኑ ተለወጠ። በ1957 ፈረንሳዊው ዣን ስተርን ሜትፎርሚንን ለስኳር መድኃኒትነት አስተዋወቀ። በ1998 የወጣው ትልቁ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ ክብደታቸው ከፍ ያለ ሕመምተኞች ሜትፎርሚን ሲወስዱ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞት በ42 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ከዚያ ወዲህ «ስኳር ማለት ኪኒን» የሚለው ነገር ሥር ሰደደ፤ ምግብ በካርዱ ጀርባ የሚጻፍ ምክር ሆኖ ቀረ።

ነገሩን እንደገና የቀሰቀሱት ያለፉት 10 ዓመታት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከብሪታንያ የወጣው ዳይሬክት የተባለው ጥናት ሕመምተኞችን ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ መግቦ፣ ከዓመት በኋላ 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ ኪኒን ስኳራቸው ከሕመም መስመር በታች ሆኖ አገኛቸው። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ውስጥ 86 በመቶ። በ2019 የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ራሱ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ስኳርን ለማውረድ ጠንካራ ማስረጃ ያለው መንገድ ነው ብሎ ጻፈ። በ2021 ደግሞ 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጽሑፍ ካርቦሃይድሬት ከቀነሱት በስድስት ወር 57 በመቶ፣ ከሌሎቹ 31 በመቶ በሽታቸው አደብ እንደገዛ ገለጸ። በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠብቧል፤ ሰው ወደ ማዕዱ ተመልሷል ማለት ነው። ሐኪሞቹ «ዳነ» አይሉም፤ መድኃኒት ካቆመ ቢያንስ ሦስት ወር ሆኖት የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ ከ6.5 በመቶ በታች የሆነን ሰው ነው በሽታው አደብ ገዛ የሚሉት። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ግን «ዳነ» ይላሉ።

በአፍሪካ የካርቦሃይድሬት ቀንሱ ጎራ ታዋቂው ሰው ደቡብ አፍሪካዊው ቲም ኖክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ሕፃን ምግብ በትዊተር በጻፈው አንድ መልስ የአገሩ የሐኪሞች ምክር ቤት ከስሶት ሦስት ዓመት ተከራክሮ ነፃ ወጣ። ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሏት ነገር አለች፤ ኖክስ ራሱ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ነው፤ እህል ትቶም ሜትፎርሚኑን ይወስዳል።

ወደ እኔ ቤት ልመለስ። አክስቴ ሸዋ ሮቢት ነው የምትኖረው። ስኳር ከያዛት 10 ዓመት አልፏታል፤ ጧት ማታ ሜትፎርሚን፣ ጧት ግሊቤንክላሚድ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጇ በየሳምንቱ በድምፅ ትልክላታለች። አንድ እሑድ የመጣው መልእክት 12 ደቂቃ ይሆናል፤ «እማዬ፣ እንጀራ ነው የገደለሽ። ሁሉም ስታርች ነው። ኪቶ ጀምሪ።» ኪቶ የሚለውን ቃል አክስቴ የክትባት ስም መስሏት ነበር።

ሆኖም ልጇ ያለችው በሒሳብ አያስኬድም አይባልም። ቤት የተጋገረ ትልቅ እንጀራ ከ300 ግራም ሊያልፍ ይችላል። ውሃው ተቀንሶ የሚቀረው ደረቁ መቶ ግራም ገደማ ነው፤ አብዛኛው ስታርች። «ሎው ካርብ» የሚባለው አበላል በቀን ከ130 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት ነው፤ ኪቶ ከ50 በታች። ስለዚህ ባለ ሎው ካርቡ አንድ ሙሉ እንጀራ ሲበላ የቀኑን ድርሻ ከግማሽ በላይ ጨርሷል፤ ባለ ኪቶው ደግሞ ግማሹ ላይ ሲደርስ ሊያቆም ነው። ወጡን፣ ሻዩን፣ ቆሎውን ሳንቆጥር። ጤፍ ለስኳር ሕመምተኛ ይሻላል፣ በተለይ ጥቁሩ፣ የሚለውን አሳብ ብዙ ሰው ያምናል። የተመራማሪዎቹ ልኬቶች ግን እርስ በእርስ አይስማሙም፤ ስኳር ቀስ ብሎ የሚለቅ ሆኖ ያገኙት አሉ፣ ከነጭ ዳቦ ብዙም የማይሻል ሆኖ ያገኙትም አሉ። የእርሾው፣ የአስተጋገሩና የዓይነቱ ልዩነት ውጤቱን ያወላውለዋል። ብዛቱ ግን አያወላውልም።

አክስቴ እንደተባለችው አደረገች። ትበላው የነበረውን ሁለት እንጀራ ወደ ግማሽ አወረደችው፤ በጎመንና በዕንቁላል ሞላችው። ስኳር መለኪያዋ በሳምንት ውስጥ ከ200 ወደ 130 ሲወርድ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ኪኒኑን ግን ማንም አልነገራትምና እንዳለ ዋጠችው።

በ10ኛው ቀን ሌሊት ላብ አጠመቃት። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ የሟች ባሏን ስም እየጠራች በሩን ክፈት ማለት ጀመረች። ጎረቤቷ ሮጣ ገብታ ውሃ ውስጥ ስኳር በጥብጣ አፏ ውስጥ አደረገችላት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና ብላ «ምን ሆኜ ነው?» አለች። ለ10 ዓመት ስኳር እንዳትነኪ የተባለች ሴት በስኳር ተረፈች።

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኔ ጠቅላላው ክርክር ያለው እዚህች ሌሊት ውስጥ ነውና። ግሊቤንክላሚድ የሚሠራው ቆሽትን እየጎተጎተ ኢንሱሊን በማስለቀቅ ነው። ምግብ መጣ አልመጣ አይጠይቅም። እንጀራውን በግማሽ የቀነሰ ሰው ኪኒኑን እንዳለ ከዋጠ ኢንሱሊኑ የሚያቃጥለው ያጣል፤ ስኳር ከ70 ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊቤንክላሚድ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው አይመከርም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። በመርፌ ለሚኖር ሰው አደጋው የባሰ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ግን እንዲህ አያደርግም፤ እሱ በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። እንግዲህ ምግብ መቀነስ ከኪኒን ጋር የሚፎካከር ነገር አይደለም፤ ራሱ መጠን ያለው መድኃኒት ነው። ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ሲጨመር አንዱ ይቀንሳል። የማኅበራዊ ሚዲያው ጎራ ይህን አይናገርም፤ የክሊኒኩ ጎራ ደግሞ ምግቡን ከቁም ነገር ስለማይቆጥረው አይጠይቅም። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛው ይብስብኛል፤ ሐኪሙ ማወቅ የነበረበት ነውና።

ሌላው በቨርጂኒያ ድምፅ ውስጥ ያልነበረው ነገር የሰውነት ነገር ነው። ዳይሬክት የተቀበለው ክብደቱ ለቁመቱ ከሚገባው በግልጽ ያለፈ፣ ስኳር ከያዘው ከስድስት ዓመት ያልበለጠ፣ መርፌ የማይወጋ ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ ሱቅ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ ይህን ያሟላል። ከማሽላ ማሳው የመጣው ቀጭን ገበሬስ? ክብደታቸው ብዙም ያልበዛ 20 ሰዎችን የያዘ አንድ አነስተኛ የብሪታንያ ጥናት እነሱም ከቀነሱ 70 በመቶው እንደሚሻላቸው አሳይቷል፤ የብሪታንያ ቀጭን ግን የይፋት ቀጭን አይደለም። ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች የሚመሩት የስኳር ክትትል ሲያካሂዱ፣ ከሚያዩዋቸው ውስጥ ከልጅነት ረሃብ ጋር የተያያዘ የሚመስል፣ ኢንሱሊን የሚፈልግ፣ የሰውነት ሥጋ የሌለው ሕመምተኛ ብዙ ነበር። ለዓመታት ሲያነሱት የቆዩት ጥያቄ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባንኮክ ላይ መልስ አገኘ፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ይህን ሕመም «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀበለው። ለእንዲህ ያለው ሰው እህል ቀንስ ማለት የራበውን ጹም ማለት ነው።

ተቃራኒውም ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ መጀመሪያ ስኳር ብርቅ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወጣቶቹ መካከል ሳይቀር ሐኪሞች ያልጠበቁት ቁጥር ተገኘ። ደሙ አልተለወጠም። ዳቦው፣ ለስላሳው፣ መቀመጡ ተለወጠ።

ጾሙስ? ኪቶ የቆመው በሥጋ፣ በዕንቁላል፣ በአይብና በቅቤ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሉ። ለአክስቴ ጾሙ ሲገባ ዕንቁላሉም አበቃ፤ የቀረው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዘይት ነው። ይፋት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ጎን ለጎን ያሉበት አገር ነው። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ግሊቤንክላሚድን በጧት መዋጥ ያው የአክስቴን ሌሊት በቀን ማምጣት ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የኪኒኑን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር የሚያስተካክሉ አሉ፤ «አላህ ይጠብቀኛል» ብለው የሚውሉም አሉ።

ኪኒኑም ቢሆን ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲገፋ፣ ኢንሱሊን በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ሰው መብራትም መድኃኒትም አጥቶ መንገድ ወጥቶ ነበር። በሰላሙም ጊዜ የጤና መድህን ካርድ የያዘ ሰው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ተብሎ ወደ ግል ፋርማሲ መላኩ የተለመደ ነው። መድኃኒት ባልተገኘበት ወር የበላውን መጠን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ አንድ መያዣ በእጁ አለ።

ለነገሩ እንጀራው ላይ ከመድረሳችን በፊት ስንቱ ነበር! ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፤ ለስላሳ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ አንድ ጠርሙሱ 30 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ሻይ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፤ ወደ 40 ግራም። ይህን ሁሉ የተወ ሰው ቨርጂኒያን ሳያማክር አንድ እንጀራ ገደማ ተወ ማለት ነው። ከዚያ ማሾው አለ። የይፋት ቆላ ማሾ በሰፊው ያመርታል፤ ፕሮቲንና አሰር ያለው፣ ከእንጀራ ይልቅ ስኳርን ቀስ አድርጎ የሚለቅ፣ ጾም የማይከለክለው። ሆኖም አብዛኛው በጆንያ ተጭኖ ወደ እስያ ይሄዳል። አክስቴ ማሾ በወጥ እንደሚሠራ የሰማችው ከእኔ ነው። «የሽያጭ እህል አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳ ግማሽ እንጀራ እንደምትበላ ስትነግረው፣ የሚከታተላት ባለሙያ ሳቅ ብሎ የግሊቤንክላሚዱን ኪኒን በግማሽ አደረገላት፣ ሜትፎርሚኑን ባለበት ተወው። አሁን መለኪያዋ ከ140 ብዙም አይርቅም። ባለፈው ቤቷ ስሄድ መደርደሪያው ላይ የክብሪት ቀፎ አየሁ፤ ከፈትኩት፤ የተቆረጡ ግማሽ ኪኒኖች ሞልተውታል። ምንድን ነው ብላት በሹክሹክታ ነው የመለሰችልኝ። «ለፋሲካ ነው፤ የዶሮው ለት ሙሉ እንጀራ እበላለሁ።»