ከቦሌ እስከ ጂዳ ስንት ሰዓት ነው?



እናቴ ለዑምራ ልትሄድ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ "ልጄ፣ እስክንደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ትንሽ ልተኛበት?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ኢህራሟን የሚነካ ስለሆነ ጎፋ ቤታችን ቁጭ ብለን አብረን አሰላነው።

መጀመሪያ ርቀቱን እንይ። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ የጂዳው ንጉሥ አብዱልአዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 21.7 ዲግሪ ላይ። በምሥራቅና ምዕራብ ያላቸው ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። ጂዳ ማለት ከእኛ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 12.7 ሲባዛ በ111 ወደ 1,410 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ቀጥተኛው መስመር በአስመራ አቅራቢያ አልፎ ቀይ ባሕርን ይሻገራል።

ቀጥሎ ጊዜው። የመንገደኛ ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ርቀቱን ለዚህ ብናካፍለው 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ሲነሳም ሲያርፍም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ መሬት ላይም ይንደረደራል። ስለዚህ ጠቅላላው 2 ሰዓት ያህል ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። ከጂዳ መዲና ያለው በረራ ይህን በደንብ ያሳያል። ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ 1 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ርቀቱ ከአራት እጥፍ በላይ ሲያንስ ጊዜው በግማሽ ብቻ ነው የቀነሰው። የሁለቱም አገር ሰዓት አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓት መቀየር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለየመን ሰዎችና በዚያ አቅጣጫ ለሚመጡ የወሰኑት ሚቃት የለምለም ነው፤ ከመካ በስተደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውሮፕላኑ በላዩ ባያልፍም ትይዩው ላይ ሲደርስ ኒያ መደረግ አለበት። ይህ የሚሆነው ጂዳ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ አውሮፕላኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። በጊዜ ሲሰላ ለማረፍ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቀር ማለት ነው። በእንቅልፍ ያለፈውና ሳይመለስ ከዚያ በኋላ ኢህራም ያደረገ ሰው ደም አለበት።

ወንዶች ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ከቤት ለብሰው ስለሚወጡ ልብሱ ራሱ ያስታውሳቸዋል። የሴት ኢህራም ግን በልብሷ ስለሆነ መርሳት ይቀላል። ለእናቴ ያልኳት ይህንን ነው፦ "እማ፣ ከተነሳችሁ 1 ሰዓት ከሩብ በኋላ የሚጮህ ደወል ስልክሽ ላይ ሞልቼልሻለሁ። ማስታወቂያው ሲነገር ኒያሽን አድርጊና ተልቢያ በይ። ከተጠራጠርሽ ትንሽ ማስቀደሙ ይሻላል።"

"ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነማ ምን እንቅልፍ አለው!" አለችኝ።

ወላጆቻችሁ ለዑምራ የሚሄዱ ከሆነ ሻንጣ ስታሳስሩ ይህችንም ሂሳብ ንገሯቸው። ዝርዝር ሑክሙን ከኡስታዞቻችሁ ጠይቁ። አላህ ለሁላችንም ይወፍቀን፤ ለሄዱትም ይቀበላቸው።