ፕላስቲክ መርዝ ይጠጣል

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ፕላስቲክ ነው። «አካባቢ ያቆሽሻል፣ ይሄንንማ እናውቃለን» እንዳትሉኝ! እኔ የምነግራችሁ መርዝ እንደሚሸከም ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ላምባ የነበረበት ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ነው ሽታው የሚለቀው? ብርጭቆ ጠርሙስ ቢሆን እኮ በሳሙና ታጥቦ ይለቃል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ፕላስቲክም ላምባም የሚገኙት ከነዳጅ ነው። ዘመዳሞች ስለሆኑ ላምባው ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ውሃና ዘይት ደግሞ ስለማይዋደዱ ውሃው ሊያወጣው አይችልም።

ብዙ የተባይ መርዞችም ጠባያቸው እንደ ላምባ ነው። ለምሳሌ ድሮ ለወባ ትንኝ በየቤቱ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በዘይትና በስብ ግን ይሟሟል። ውሃ ውስጥ ፕላስቲክ ካገኘ እሱ ላይ ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የጃፓን ተመራማሪዎች ባሕር ውስጥ የቆዩ ትናንሽ የፕላስቲክ እንክብሎችን ሲመረምሩ፣ መርዙ በዙሪያቸው ካለው ውሃ እስከ 1 ሚሊዮን እጥፍ ተከማችቶባቸው አገኙ።

ፌስታል ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል እንጂ አይጠፋም። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ሲሰባበር መርዝ የሚለጠፍበት ገጽ ይሰፋል። በሒሳብ እንየው፦ ጎኑ 1 ሳ.ሜ. የሆነ ኩብ 6 ካሬ ሳ.ሜ. ገጽ አለው። ጎናቸው 1 ሚ.ሜ. ወደሆኑ 1,000 ኩቦች ብንከፍለው ጠቅላላ ገጹ 60 ካሬ ሳ.ሜ. ይሆናል። 10 እጥፍ ማለት ነው!

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ ከተመረመሩት ዓሦች ከ100 ወደ 35ቱ ሆዳቸው ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። በሌላ ጥናት ደግሞ በዚያው ሐይቅ ዓሦች ላይ ዲዲቲ ተገኝቷል። ዓሣ መርዙን ከምግቡም ስለሚያገኝ ሁሉም ከፕላስቲክ መጣ አይባልም። ግን ቅባት ያለበት ሆድ ፕላስቲኩ የያዘውን መርዝ ሊያላቅቀው ይችላል።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ለሲሪንቃ ልጆች ምናችን ነው? ማሳ ላይ መድኃኒት ይረጫል። ባዶው ዕቃ ማሳ ዳር ይጣልና ጎርፍ ወንዝ ያስገባዋል፤ ወይም «ታጥቧል» ተብሎ ዘይት ይገዛበታል። የላምባውን ጀሪካን አስታውሱ! ውሃ ያላወጣውን መርዝ ዘይቱ ይስበዋል። ስለዚህ የመድኃኒት ዕቃ ምንም ቢታጠብ ለውሃም ለምግብም አይሆንም። ለቤተሰቦቻችን እንንገር፤ ወንዝ ዳር ብናገኘው አንንካው፣ ለትልቅ ሰው እንጠቁም።

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅም በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ገበያ ስንላክ ዘንቢል እንያዝ።