የአትክልት ወራት ሲፈጸም ሊሠራ ስለሚገባው ሥራ

የአገር ሹማምት የአትክልትን ቦታ ለማየት የሚወጡት ብዙውን ጊዜ በነሐሴ፥ ድንቹ አብቦ ጐመኑም ለምልሞ ዓይንን ደስ በሚያሰኝበት ወራት ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ግን ቅጠሉ ጠውልጎ ግንዱ ሲወድቅ ጐብኚ አይገኝም። ነገር ግን የሚመጣው ዓመት ምርት መልካም ወይም ክፉ መሆኑ በብዛት የሚወሰነው በዚሁ ማንም በማያየው ጊዜ ነው።

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ. ም. ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ ነው ይባላል። ዛሬ በደጋው አገር በትንሽ ቦታ ለሚያርስ ሰው ትልቅ መኖሪያ ሆኖለታል። ይሁን እንጂ በሰኔ የተተከለው ድንች ልጡ ሳይጠና ተቈፍሮ ለገበያ ሲወጣ ይታያል። በጣት ሲታሽ ልጡ የሚገፈፍ ድንች ቍስለኛ ነውና በጆንያ ውስጥ ይበሰብሳል፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ይኸውም ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ግንዱን ከመሬት አጠገብ ማጨድ፥ ከዚያም 10 ወይም 15 ቀን ታግሦ መቈፈር ነው።

የታጨደው ቅጠል በበሽታ የተነካ እንደ ሆነ ከቦታው አውጥቶ መቅበር ይገባል። በመሬት ውስጥ ተረስቶ የቀረ ድንችና በማሳው ዳር የተጣለ ብስባሽ በሚመጣው ክረምት ራሱ ይበቅላል፤ ቅጠሉን እንደ እሳት የሚያጠቍረውም ዋግ በእርሱ ላይ ቈይቶ ወደ አዲሱ ተክል ይሻገራል። ይህ በሽታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ. ም. ወደ አየርላንድ ገብቶ፥ በድንች ብቻ ይኖር ከነበረው ድኻ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና ረኃብ ባመጣው ደዌ አልቋል።

ሌላው በሽታ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ ተክሉን ድንገት የሚያጠወልገው ነው። ይህን ከውኃ ጥማት ለመለየት ግንዱን ቈርጦ ጫፉን በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አስነክቶ ማንጠልጠል ነው። ጥቂት ቈይቶ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ቢፈስ በሽታው እርሱ ነው። ከዚህ ማሳ አንዲት ድንች እንኳ ለዘር አትወሰድም፤ በቦታውም ድንች፥ ቲማቲምና በርበሬ መትከልን ትቶ ለጥቂት ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ መዝራት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የዘር ነገር ነው። ገበሬው ትልቁንና የሚያምረውን ይሸጣል፤ መካከለኛውን ይበላል፤ ደቃቃውን ለዘር ያኖራል። ደቃቃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከታመመ ተክል ሥር የተገኘ ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ዘሩ ይደክማል፤ ከዚያም «መሬቱ አረጀ» ይባላል። መሬቱ ግን አላረጀም። ስለዚህ ተክሉ ገና አረንጓዴ ሳለ በጤነኛው አጠገብ እንጨት ተክሎ ምልክት ማድረግ፥ ሲቈፈርም ከእርሱ የዶሮ ዕንቍላል የሚያህለውን መለየት ይገባል። የዘር ድንች በጨለማ ጕድጓድ አይቀመጥም፤ ዝናምና ፀሐይ በማያገኘው፥ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት ቤት በቆጥ ላይ በስሱ ሲዘረጋ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። በብርሃን አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝ አለበትና ለምግብ እንዳይውል ለቤተ ሰቡ መንገር ያስፈልጋል።

ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው፤ ትልልቁ ፍንካች ለተከላ ይቀመጥ። በመስኖ የሚለማው ቀይ ሽንኩርት ወራቱ ሌላ ቢሆንም፥ አንገቱ መውደቅ ሲጀምር ውኃ ይከልከል፤ ከተነቀለም በኋላ አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ይሰጣ። ዘሩ ቶሎ ስለሚሞት የቈየውን አምኖ መዝራት ኪሳራ ነው።

ነገር ግን ገበሬው ይህን ሁሉ ቢያውቅም ጊዜ ካልተሰጠው ምንም አይጠቅመውም። ድንች በገበያ በዝቶ ዋጋው በሚወድቅበት በጥቅምት ግብርና ዕዳ በአንድ ሳምንት ቢጠየቅ፥ ልጡ ያልጠናውን ቈፍሮ ዘሩንም ጨምሮ ይሸጣል፤ በግንቦትም ዘር በውድ ለመግዛት ይበደራል። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰውም ክምሩ ከመከፈሉ በፊት ዘሩ እንዲወጣ ቢፈቅድ የሚጐድልበት ጥቂት ነው፤ ዘሩ ተበልቶ ካለቀ ግን በሚመጣው ዓመት የሚካፈለው ያጣል። ሹሙም በነሐሴ ካደረገው ጉብኝት ሌላ ድንቹ በሚቈፈርበት ቀን ይገኝ፤ «ስንት ኵንታል ወጣ» ብሎ ከጠየቀ በኋላም «የዘሩስ የት አለ» ብሎ ቆጡን ይመልከት።