በግቢ ዛፍ ሥር የሚከበር ልደት

በአገራችን ልማድ የሕፃን መወለድ የሚከበረው በክርስትናው፣ ይኸውም ወንድ እንደ ሆነ በ40፣ ሴት እንደ ሆነች በ80 ቀን ስለ ነበረ፣ ከዚያ ወዲያ ዓመት በመጣ ቍጥር ቀኑን እያሰቡ መደገስ በብዙው ሕዝብ ዘንድ አልተለመደም ነበር፤ ዛሬ ግን በከተማ የሚኖር ወላጅ ኬክና ሻማ የሌለበትን ዓመት ልጁን እንደ በደለበት ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ አበው በየዓመቱ ከሚያከብሯቸው በዓላተ ልደት አንዱ፣ ግንቦት 1 ቀን የሚውለው የእመቤታችን ልደት፣ ጎረቤት ተሰባስቦ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ዳቦ ተቈርሶ፣ ቡና ተፈልቶ ከቤት ውጭ በደጅ የሚከበር መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ለልጁ ልደት አዳራሽ መከራየት ግድ እንዳልሆነና የገዛ ግቢው፣ ግቢም የሌለው እንደ ሆነ የጋራ መኖሪያው ሜዳ እንደሚበቃው ይታየዋል።

ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ለሆነው ሕፃን የፊኛው ቅስት፣ ስሙ የተጻፈበት መጋረጃና የሞንታርቦው ጩኸት የሚሰጡት ደስታ እጅግ ጥቂት ነው። ባለልደቱን ልብ ብሎ ላየው፣ ልጁ በአዲስ ጫማው ተጨንቆ፣ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ይዞ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ሲወሸቅ፣ ዘመድ አዝማዱ ደግሞ ስልኩን ደቅኖ «ሳቅ በል እንጂ፣ የኔ ጌታ!» እያለ ሲያስጨንቀው ያገኘዋል። ይህ ሁሉ ወጪ ለዐዋቂ ዐይን የሚዋል መሆኑን ብናምን ኖሮ የድግሱ ጣጣ ገና ከጅምሩ በግማሽ በቀለለልን ነበር።

ቀኑን ስንመርጥ ጾምን ማሰብ ይገባናል። በልማድ ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባይጾምም አያቱና የክርስትና እናቱ ይጾማሉና፣ ረቡዕ ወይም ዓርብ የዋለውን ልደት ወደ ቅዳሜ ማዛወር ይቻላል፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች ውስጥ የገባው ግን ቅዳሜና እሑድም ከጥሉላት መከልከሉ ስለማይቀር፣ ኬኩን ያለ እንቍላልና ያለ ወተት በዘይት ማስጋገር ይሻላል፣ አለዚያ መራቂዋ አያት ሳትቀምስ ትውላለች። (ጳጕሜን 6 ቀን የተወለደ ልጅማ ቀኑን የሚያገኘው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ ወላጆቹ ሌላ ቀን ይስጡት።) ሰዓቱ ከጧቱ 4 እስከ 6 ቢሆን መልካም ነው፤ ከቀትር በኋላ እንቅልፍ የመጣበት ሕፃን በሆነ ባልሆነው ያለቅሳል፣ በክረምትም የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው።

እንግዳ ከመድረሱ በፊት የቤቱ ባለቤት ጎንበስ ብሎ፣ ዐይኑን በሕፃን ቁመት ልክ አድርጎ ግቢውን ይዙር፤ ቆሞ ሲሄድ ያላየው የቆርቆሮ አጥር ስለት፣ የዛገ ምስማርና ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል ያን ጊዜ ይገለጥለታል። የቡናው ከሰል ምድጃ ሯጮች ከማይደርሱበት ጥግ ይቀመጥ። ፈንዲሻና ቆሎ ምንም እንኳ የድግሳችን ጌጦች ቢሆኑ፣ ከ4 ዓመት በታች የሆነውን ሕፃን ጕሮሮ ሊዘጉ ስለሚችሉ ሐኪሞች ለዚህ ዕድሜ አይፈቅዷቸውም፤ የፈነዳ ፊኛ ቍራጭም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ከመሬት ይለቀም። ሙዝ፣ የተላጠ ብርቱካንና በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ለማዕዱ ይበቃሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታው ነው፤ ለዚህም አኩኩሉን የሚያህል አላውቅም። ፈላጊው ፊቱን ከዛፉ ግንድ ላይ ደፍቶ እንደ አውራ ዶሮ ሲጮኽ፣ የሚደበቁት «አልነጋም!» እያሉ ከወዲያ ከወዲህ ይመልሱለታል፤ የሦስት ዓመቷ ሕፃን ግን ራሷን ከልብስ ማስጫው አንሶላ ኋላ ሸሽጋ፣ እግሮቿ እየታዩ፣ ሳትጠየቅ «ነጋ! እዚህ ነኝ!» ብላ ራሷን አሳልፋ ትሰጣለች፤ ፈላጊውም ትልቅ ልጅ እንደ ሆነ እንዳላየ ሆኖ ያልፋታል። ሎሚ በማንኪያ ይዞ መሮጥም ሜዳና ትንሽ ሣር እንጂ ሌላ አይሻም። ወንበር እየቀነሱ የሚሽከረከሩበትን ጨዋታ ግን ለዚህ ዕድሜ አልመክረውም፤ በየዙሩ አንድ ሕፃን ከደስታው ተለይቶ እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ግማሹ እንግዳ ያለቅሳል።

ሻማው ከመብራቱ በፊት በመካከሉ ያሉት ሽማግሌ ወይም አሮጊት ዳቦውን ባርከው ይቍረሱ፤ ባለልደቱም ጕልበት ስሞ «እደግ ተመንደግ» የሚለውን ምርቃት ይቀበል። ለእንግዶቹ ሕፃናት በፕላስቲክ ከረጢት የታጨቀ ከረሜላና ቶሎ የሚሰበር መጫወቻ ከማደል ይልቅ፣ እንደ ቡሄ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ሙልሙል ጋግሮ መስጠት ወጪውም ያነሰ፣ ደስታውም የበለጠ ይመስለኛል። የሙልሙሉ ቍጥር ግን ከተጠሩት ይብለጥ፤ የግቢው በር ክፍት ከዋለ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ የሚሉ የሰፈር ልጆች አይጠፉምና፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የመጣው ታናሽ ወንድምም ድርሻውን ይጠይቃል።